የተሽከርካሪ ጥገና ሙያ፦ ኮሌጅ መግባት ወይስ ጋራዥ መዋል?

የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያ ለመሆን የሚያስቡ ወጣቶችና ወላጆቻቸው የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገብቶ መማር ይሻላል ወይስ ልምድ ካለው መካኒክ ዘንድ ረዳት ሆኖ እጅን ማፍታታት? ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን በሙያቸው ከተከበሩት መካኒኮች መካከል የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጡ፣ ጎማ ከመፍታትና ዕቃ ከማጠብ ተነሥተው የጋራዥ ባለቤት እስከ መሆን የደረሱ ብዙዎች ናቸው። በአንጻሩ የምስክር ወረቀት ይዘው ሥራ ቦታ ሲደርሱ ከየትኛው ብሎን እንደሚጀምሩ የሚቸገሩ ተመራቂዎች አሉ። ሁለቱንም ያየ ቤተሰብ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው በአንድ ቃል መልስ አይሰጥም፤ ምክንያቱም “ኮሌጅ” ሲባል አንድ ዓይነት ኮሌጅ፣ “ጋራዥ” ሲባልም አንድ ዓይነት ጋራዥ የለም። ሆኖም ለውሳኔው ሚዛን የሚሆኑ ነገሮችን በግልጽ ማስቀመጥ ይቻላል። ከእነዚህም ዋነኛው ሥልጠናው የሚሰጥበት ወርክሾፕ በእርግጥ የሚሠራ መሆን አለመሆኑ ነው። የተማሪው ወይም የተማሪዋ መነሻም ይመዘናል፤ ዛሬ 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ወጣትና በጋራዥ አራት ዓመት የቆየ ረዳት አንድ ዓይነት ምክር አይገባቸውም። ተሽከርካሪው ራሱ በፍጥነት እየተለወጠ መሆኑም ከሒሳቡ ሊቀር አይችልም።

ጋራዥ የሚያስተምረው

የጋራዥ ትምህርት ጥንካሬው ከእውነተኛ ብልሽት ጋር በየቀኑ የሚያገናኝ መሆኑ ነው። ረዳቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ የፍሬን ሸራ ያለቀበት ሚኒባስ፣ ፍሪሲዮኑ የሚያንሸራትት አይሱዙ፣ ቴስታታው የተጣመመ ኮሮላ ሊያይ ይችላል። የዛገ ብሎን ሳይሰበር እንዴት እንደሚፈታ፣ የተበላሸ ኩሽኔታ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ሞተር ለማውረድ ምን ምን በቅድሚያ መነቀል እንዳለበት በመጽሐፍ ሊጻፍ ይችላል፤ እጅ ግን የሚያውቀው ሲደጋገም ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ጋራዥን የሚተካ የመማሪያ ክፍል የለም።

ሌላም ኮሌጅ የማያስተምረው ነገር አለ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ትክክለኛውን የመለዋወጫ ዕቃ ከአስመሳዩ ለይቶ መግዛት፣ ያገለገለ ዕቃ የቱ ተመልሶ እንደሚሠራ የቱ ደግሞ ገንዘብ እንደሚያስጥል መገመት፣ ለደንበኛ ዋጋ መንገርና የተነገረውን ቀን ማክበር የሙያው አካል ናቸው። ራሱን ችሎ ጋራዥ መክፈት የሚፈልግ ሰው ያለ እነዚህ ብዙ አይራመድም።

ድክመቱም እዚያው ነው። ረዳቱ የሚማረው ወደ ጋራዡ የመጣውን መኪና እና አሠሪው የሚያውቀውን ያህል ነው። ጋራዡ የካምቢዮና የፍሪሲዮን ሥራ ላይ ያተኮረ ከሆነ ረዳቱ ከአምስት ዓመት በኋላም የመኪና ኤሌክትሪክ ላያውቅ ይችላል። አሠሪው ሲያደርግ ያየውን ይደግማል፤ ለምን እንደተደረገ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ለምሳሌ ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በአንዳንድ ጋራዦች የተለመደ “መፍትሔ” ነው። መኪናው ለጊዜው መጋሉን ሊያቆም ይችላል። ነገር ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ወደ ተገቢው የሙቀት መጠን ለመድረስ ይዘገያል፤ ነዳጅ ያበዛል፤ ከጊዜ በኋላም የውስጥ አካላቱ መበላት ይፋጠናል። የመጋሉ እውነተኛ ምክንያት የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውኃ ፓምፕ ከነበረም ብልሽቱ ዞሮ ይመጣል። ይህን ልማድ ከአሠሪው የወረሰ ረዳት ነገ ለራሱ ረዳት ያወርሰዋል።

ኮሌጅ ሊሰጠው የሚገባው

በአገራችን የቴክኒክ ትምህርት ቤት ታሪክ አጭር አይደለም፤ በአዲስ አበባ ተግባረ እድ በ1930ዎቹ ዓመታት ከተከፈተ ወዲህ የተሽከርካሪ ጥገና በመደበኛ ትምህርት ሲሰጥ ኖሯል። ዛሬ ሥልጠናው በሙያ ደረጃ ላይ ተመሥርቶ ከደረጃ 1 ጀምሮ ወደ ላይ በእርከን የተዘጋጀ ነው። ዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች መደበኛ ሰርቪስና ቀላል ጥገና ላይ ያተኩራሉ፤ ከፍ ሲል ብልሽት መመርመር፣ ሞተርና ካምቢዮ መጠገን፣ ሥራ ማስተባበር ይጨመራል።

ኮሌጅ ከጋራዥ የሚለይበት ዋናው ነገር ምክንያትን ማስተማሩ ነው። ይህ ልዩነት በድሮዎቹ ካርቡራቶር ባላቸው መኪኖች ዘመን ብዙም አይጎላም ነበር፤ የነዳጅ አቅርቦታቸው በኮምፒውተር በሚታዘዝ መኪኖች ላይ ግን የደንበኛውን ኪስ በቀጥታ ይነካል። አንድ ምሳሌ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

አንድ ባለንብረት የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶበት ይመጣል እንበል። በስካነር ሲነበብ ፒ0171 የሚል ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ የሚለው ወደ ሞተሩ የሚገባው ቅልቅል ነዳጅ አንሶት አየር በዝቶበታል ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ስካነር መግዛት የቻለ ነገር ግን መርሑን ያልተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወስደው እርምጃ የኦክስጅን ሴንሰሩን መቀየር ነው፤ ቅልቅሉን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እርሱ ነውና። ሴንሰሩ ውድ ነው፤ ከተቀየረ በኋላም መብራቱ በሳምንቱ ተመልሶ ይበራል። ሴንሰሩ እውነቱን ነበር የተናገረው።

የሠለጠነ ባለሙያ ወደ ዕቃ መግዛት ከመሄዱ በፊት በዚያው ስካነር ላይ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ እንዳለ የሚያሳየውን ቁጥር ያያል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር፣ ጋራዦች ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ ላይ ሳለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ፣ በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ሲደርስ ወደ መደበኛው ከወረደ ከአየር ማስገቢያው መስመር ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ጓርኒሲዮን እንዳለ ይጠረጥራል፤ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለ ልክ የሚገባ ጥቂት አየር ብዙ ይመስላል፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን ያው ጥቂት አየር ድርሻው ያንሳል። በተቃራኒው ቁጥሩ መኪናው ጭነት ሲበዛበት የሚጨምር ከሆነ የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል ወደሚለው ያዘነብላል። የመጀመሪያው ብልሽት በጥቂት ብር ቱቦ ይስተካከላል። ሁለቱን የሚለየው የስካነሩ ዋጋ ሳይሆን የቁጥሩን ትርጉም ማወቅ ነው።

ይህን ዓይነቱን አስተሳሰብ በጋራዥ ብቻ ያዳበሩ ጎበዝ መካኒኮች የሉም ማለት አይደለም። አሉ፤ ነገር ግን በራሳቸው ጥረትና በብዙ ዓመት ነው። ጥሩ ኮሌጅ ይህን በአጭር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ሊሰጥ የማይችል ኮሌጅ ደግሞ የተማሪውን ጊዜ ከመውሰድ በቀር ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

አዲስ ሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ሳይጠብቁት የሚገጥማቸው አንድ ችግር የስያሜ ነው። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ባልስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ ናቸው። የኮሌጁ የማሠልጠኛ ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ “ክላች” ተብሎ የተማረ ልጅ ጋራዥ ገብቶ ፍሪሲዮን አምጣ ሲባል ግራ ይጋባል፤ ፍሪሲዮን በእጁ ሲፈታ የኖረ ሰውም በምዘና ወረቀት ላይ ክላች የሚለውን አይቶ የማያውቀው ነገር የተጠየቀ ይመስለዋል። ከሁለቱም ወገን ያለ ሰው ሁለቱንም ስያሜ ጎን ለጎን በደብተሩ ቢጽፍ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙ እፍረት የሚያስቀር ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ያመጣው ለውጥ

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመንግሥት የተወሰነ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በከተሞቻችን መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር በዐይን በሚታይ ሁኔታ ጨምሯል። ይህ ማለት ነዳጅ የሚጠጡት መኪኖች ነገ ይጠፋሉ ማለት አይደለም። በመንገድ ላይ ያለው ተሽከርካሪ አብዛኛው አሁንም በነዳጅ የሚሄድ ነው፤ በአገራችን አንድ መኪና ለአሥርት ዓመታት እንደሚያገለግልም ይታወቃል። የኮሮላና የቪትዝ፣ የአይሱዙና የሲኖትራክ ጥገና ዛሬ 18 ዓመት የሆነውን ሰው ለረጅም ጊዜ ያበላዋል። ነገር ግን የሙያ ዕድሜው አርባ ዓመት ቢሆን፣ አርባውንም ዓመት በእነርሱ ላይ ተመርኩዞ ይኖራል ብሎ መገመት አይቻልም።

በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ላይ የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ የዘይት ፊልትሮና ፍሪሲዮን የሉም። ለአነስተኛ ጋራዦች የዕለት ገቢ የነበረው የዘይትና ፊልትሮ ቅያሪ በእነዚህ ላይ አይኖርም ማለት ነው። የፍሬን ሸራም ቢሆን የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይሉን ወደ ባትሪው እየመለሰ ፍሬኑን ያግዛልና። የሚቀረው ሥራ ጥቂት አይደለም፤ መሪ፣ ጎማ፣ ሞላና ሾክ አብሶርበር፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሁሉ ጥገና ይፈልጋሉ። ባትሪው ከባድ በመሆኑ ጎማና የእግር ክፍሎች ላይ የሚያርፈው ጫናም ይበልጣል። ከዚህ አልፎ ያለው ግን የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከገቢም በላይ የሕይወት ነው። የተለመደው የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ባዶ እጁን የነካው ሰው አይጎዳም። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ባትሪ ግን በአብዛኛው ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ በአንዳንዶቹም ወደ 800 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ጅረት ይይዛል። ይህ ሰውን ወዲያው ሊገድል የሚችል ኃይል ነው። የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ብርቱካናማ ቀለም የተሰጣቸው ለዚህ ነው። ወደ እነርሱ ከመቅረብ በፊት መኪናውን ማጥፋት፣ በአምራቹ መመሪያ መሠረት የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩን ማቋረጥ፣ በውስጡ የቀረው ኃይል እስኪፈስ የተወሰኑ ደቂቃዎች መጠበቅ፣ ከዚያም ለዚህ መጠን በተሠራ መለኪያ ኃይል አለመኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ይህም ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ የጎማ ጓንት አድርጎ ነው። ቅደም ተከተሉን በመሳሳት መማር አይቻልም። በጋራዥ “ሞክረህ እየው” የሚለው የማስተማሪያ ዘዴ ለካርቡራቶር ሠርቷል፤ እዚህ ላይ ሠልጣኙን ያሳጣል።

ስለዚህ በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ላይ መሥራት የሚፈልግ ማንኛውም ሰው፣ የቱንም ያህል የጋራዥ ልምድ ቢኖረው፣ ከተደራጀ ተቋም ወይም ከአስመጪ ድርጅት የሚሰጥ ሥልጠና ሳይወስድ ብርቱካናማውን ገመድ እንዳይነካ አጥብቀን እንመክራለን። ኮሌጅ ለሚመርጥ ሰውም ይህ አንዱ መለኪያ ሊሆን ይገባል፤ የመኪና ኤሌክትሪክን በቁም ነገር የማያስተምር ተቋም ለመጪው ጊዜ አያዘጋጅም።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ

ብዙ ሰዎች ሳያውቁት የሚቀሩት ጉዳይ የሙያ ብቃት ምዘና ነው። በተለምዶ “ሲ ኦ ሲ” እየተባለ የሚጠራው የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው በምዘና እንጂ ክፍል ውስጥ በመቀመጥ አይደለም። መዛኙ የሚጠይቀው ተመዛኙ ሥራውን በሙያ ደረጃው መሠረት መሥራት መቻሉን ነው፤ የት እንደተማረው አይደለም። በመሆኑም በጋራዥ ሙያውን የለመደ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ ለምዘና መቅረብ ይችላል። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍሎች አሉት፤ ውጤቱም “ብቁ” ወይም “ገና ብቁ ያልሆነ” ተብሎ ይገለጻል። የሁለተኛው አነጋገር ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ በሩ አልተዘጋም፣ ተዘጋጅቶ መመለስ ይቻላል ማለት ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ለአራትና ለአምስት ዓመት በጋራዥ የሠራ ሰው ከደረጃ 1 ጀምሮ ኮሌጅ ቢገባ የሚያውቀውን በመማር ጊዜ ያጠፋል። ለእርሱ የሚሻለው ሥራውን ሳይለቅ መመዘን፣ ጉድለት በታየበት ክፍል ላይ ብቻ አጭር ሥልጠና መውሰድ ነው። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ንድፍ ማንበብ፣ በመለኪያ መሥራትና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥገና መመሪያ መረዳት ላይ ይገኛል። ማረጋገጫው ለራሱ ጋራዥ ላለው ሰው ፋይዳ ላይኖረው ይችላል የሚል አስተያየት ይሰማል፤ ነገር ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በትልልቅ የትራንስፖርት ድርጅቶችና በአስመጪዎች ወርክሾፕ ለመቀጠር፣ እንዲሁም በሕጋዊ መንገድ በሙያው ለውጭ አገር ሥራ ለመሠማራት የሚያስብ ሰው ያለ እርሱ ብዙ ርቀት አይሄድም። የእጅ ጥበቡን ለማያየው ሰው የሚያስረዳለት ወረቀቱ ብቻ ነው።

12ኛ ክፍል ለጨረሱ ወጣቶች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡ ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ለብዙ ቤተሰቦች ከምርጫነት ይልቅ የቀረ ዕድል መስሎ መታየቱ ያሳዝናል። ፈተና ስላልተሳካለት ብቻ፣ ለመኪና ፍላጎት ሳይኖረው ወደ አውቶሞቲቭ የትምህርት ክፍል የተላከ ልጅ ሲያቋርጥ ማየት የተለመደ ነው። ፍላጎቱን ለመፈተን ርካሹ መንገድ ከምዝገባ በፊት ባለው የክረምት ወቅት ለአንድ ወይም ለሁለት ወር ጋራዥ መዋል ነው። ዘይትና ጥቀርሻ፣ ከመኪና ሥር በጀርባ መተኛት፣ በቁጣ የሚናገር ደንበኛ ካልከበዱት ኮሌጁ አይከብደውም።

ሴት ልጆቻቸው ይህን ሙያ የመረጡ ወላጆችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ጋራዦች እስካሁን ሴት ረዳት ለመቀበል ያቅማማሉ፤ ስለዚህ ለእነርሱ ኮሌጅ የሥልጠና ቦታ ብቻ ሳይሆን ወደ ሙያው የሚያስገባ በር ጭምር ነው። በትብብር ሥልጠና አማካይነት ወደ ድርጅት የሚልካቸው ኮሌጁ በመሆኑ ብቻቸውን በር እያንኳኩ አይዞሩም።

ኮሌጁን ከመምረጥ በፊት

ኮሌጅ ለመግባት የወሰነ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ወርክሾፑን ሄዶ ይመልከት። መሄድ ያለበትም ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ነው፤ የተቆለፈ ወርክሾፕ በመስኮት ሲታይ ሁልጊዜ ንጹሕና የተሟላ ይመስላል። ለማሠልጠኛ የተቀመጡት ሞተሮች ተፈትተው የሚገጠሙ ናቸው ወይስ ቀለም ተቀብተው ለእይታ የቆሙ? በአንድ ሞተር ዙሪያ ስንት ሠልጣኝ ይቆማል? አምስት ሰው ሲሆን ሁሉም እጁን ያስገባል፤ ሃያ ሲሆን ሦስቱ ይሠራሉ፣ ሌሎቹ ያያሉ። ስካነርና የኤሌክትሪክ መለኪያ በሠልጣኞች እጅ ይገባል ወይስ በአሠልጣኙ ቁምሣጥን ይቀመጣል? ከአሠልጣኞቹ መካከል በጋራዥ የሠራ አለ? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የማይመልስ ተቋም ራሱ መልስ ሰጥቷል።

ከዚህ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ስለ ትብብር ሥልጠናው ነው። በመርሕ ደረጃ ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ በተግባር፣ 30 በመቶው በተቋሙ እንዲሰጥ ይታሰባል። በተግባር ይህ የሚሳካው ኮሌጁ ከጋራዦችና ከትራንስፖርት ድርጅቶች ጋር ስምምነት ሲኖረው ነው። “ድርጅቱን ራሳችሁ ፈልጉ” የሚል ኮሌጅ የሥልጠናውን ትልቁን ክፍል ለሠልጣኙ ዕድል ትቶታል ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት የሠለጠኑ ሁለትና ሦስት ልጆችን አግኝቶ የት እንደተላኩና እዚያ ምን እንዳሠሯቸው መጠየቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። ወደ ድርጅት ተልከው መኪና ሲያጥቡ የከረሙ እንዳሉ ሁሉ ሞተር ሲያወርዱ የከረሙም አሉ።

የግል ተቋም የሚመርጡ ሰዎች ተቋሙ ለሚያሠለጥንበት ሙያና ደረጃ የታደሰ ዕውቅና እንዳለው በክልሉ ወይም በከተማ አስተዳደሩ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይገባቸዋል። አንድ ተቋም ለሌላ ሙያ ዕውቅና ስላለው ለተሽከርካሪ ጥገናም አለው ማለት አይደለም።

ወጪውንና ጊዜውን ማስላት

የሥልጠናው ዋጋ የወር ክፍያው ብቻ አይደለም። ኮሌጅ በሚቆይበት ጊዜ ሳይሠራ የሚቀረው ገቢም መታሰብ አለበት። ለምሳሌ ያህል በረዳትነት በወር 3,000 ብር ማግኘት የሚችል ወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ቢማር የሚያልፈው ገቢ በ24 ወር 72,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ትራንስፖርትና ምሳ ይጨመራል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በአካባቢው ያለውን እውነተኛ ቁጥር አስገብቶ ቢያሰላ የተሻለ ነው። ነገር ግን በሌላኛው ወገንም ሒሳብ አለ። በብዙ ጋራዦች ረዳት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዝ የለውም ወይም የሚያገኘው የትራንስፖርት ያህል ነው፤ የሚቀጥለው እርከን ላይ መቼ እንደሚወጣም የሚወስነው አሠሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ “ኮሌጅ ገንዘብ ያስወጣል፣ ጋራዥ ያስገኛል” ተብሎ የሚቋጭ አይደለም። ቤተሰቡን የሚረዳ ወጣት የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ሥልጠና የሚሰጥ ተቋም ቢፈልግና ቀን ቀን ጋራዥ ቢውል ከሁለቱም ይጠቀማል፤ ድካሙ ከባድ ቢሆንም በዚህ መንገድ የተማሩ ሰዎች በክፍል የሰሙትን በማግሥቱ በእጃቸው የሚሞክሩ በመሆናቸው የሚረዱት በፍጥነት ነው።

ጋራዥ ለሚመርጡ ሰዎች የሚጠቅም የሕግ መረጃ

ጋራዥ መዋል ከሕግ ውጭ መሆን አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ዕድሜው 15 ሞልቶ 18 ያልደረሰ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሠራ አይችልም። ሙያ ለማስለመድ የሚደረግ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሥልጠናው ዓይነትና ርዝመት፣ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ ይገለጽበታል። “ገና ልምድ ላይ ነህ” እየተባለ ያለ ውል ዓመታት ማሳለፍ የተለመደ ቢሆንም ሕጉ የሚያውቀው አሠራር አይደለም። ወላጅ ልጁን ወደ ጋራዥ ሲወስድ ከባለቤቱ ጋር ስለ እነዚህ ነጥቦች መነጋገሩ ልጁን ከማስከበር አልፎ ትምህርቱ መጨረሻ እንዲኖረው ያደርጋል።

ስለ ደኅንነትም ቢያንስ ይህ ይታወቅ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት አይገባም፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል፣ ድንጋይና ብሎኬት መቆሚያ አይደሉም። እጅን በቤንዚን መታጠብ ቆዳን ይጎዳል፣ እሳትም ይጠራል። ጋራዡ ውስጥ ገብቶ የእሳት ማጥፊያና የመኪና መቆሚያ ያጣ ሰው ሌላ ጋራዥ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሥራ የሚለቅ ወይም በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው መጠየቅ መብቱ ነው። በጋራዥ ሙያውን የለመዱ ሰዎች ይህን ደብዳቤ በየሥራ ቦታው መውሰድን ልማድ ቢያደርጉ ለምዘና ሲመዘገቡም ሆነ ሥራ ሲቀይሩ ልምዳቸውን በማስረጃ ለማሳየት ያገለግላቸዋል። የምዘና ምዝገባ የሚካሄደው በየክልሉና በከተማ አስተዳደሮች በሚገኙ የሙያ ብቃት ምዘና ማዕከላት ነው፤ አመልካቾች የሚመዘኑበትን ሙያና ደረጃ ለይተው፣ መታወቂያቸውንና ያላቸውን የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል። የትኛው ደረጃ እንደሚስማማቸው እርግጠኛ ያልሆኑ ሰዎች የሙያ ደረጃውን ሰነድ ከማዕከሉ ጠይቀው በውስጡ የተዘረዘሩትን ሥራዎች ከሚሠሩት ጋር አስተያይተው ይመዝገቡ።